እትዬ አየለችና የማናለኝ መኝታ

ከእኔ ፎቅ በታች የሚኖሩት ወጣት ባልና ሚስት በቅርቡ ቡችላ አመጡ። ማታ በር ዘግተውበት ሲወጡ መጀመሪያ በሩን በጥፍሩ ይቧጥጣል፤ ቀጥሎ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ ለቅሶው በደረጃው ሽቅብ ይመጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ተማሯል። ከጎኔ ያሉት ሴትዮማ «ውሻ ነው ወይስ ሙሾ አውራጅ?» እያሉ ለሕንጻው ኮሚቴ ሊያመለክቱ ነው። እኔ ግን የያዝኩትን ሥራ ትቼ፣ ጆሮዬን ወደ በሩ አድርጌ እሰማዋለሁ። ያ ድምፅ ልጅነቴን ወዳሳለፍኩበት ጉለሌ፣ እትዬ አየለች ደጃፍ ይወስደኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ያሳደገችኝ እህቱ ጌጤ ናት። ከሩፋኤል ከፍ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ እንኖር ነበር። ማለዳ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ያመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሸጎሌ የከብት ገበያ የሚነዱት ከብቶች በበራችን ሲያልፉ አቧራውና እበቱ ይቀላቀልበታል። ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ ሁሉም በጊዜ ይከተታል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የውሾች ጩኸትና አልፎ አልፎ የሚያልፍ የወታደር መኪና ብቻ ነው።

እትዬ አየለች የግቢው መጨረሻ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትኖር ነበር። የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ከአገሯ ከመንዝ ሊጠይቃት የመጣ ዘመድም አይቼ አላውቅም። ከፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም፤ በአጠገቧ ሲያልፉ የማሽን ዘይት ትሸታለች። ሌሊት ፈረቃ ሲደርሳት እኛ ለመኝታ ስንሰናዳ የፋብሪካው ሰርቪስ ይወስዳታል፣ እኛ ስንነሳ መጥታ በሯን ዘግታ ትተኛለች። ስለዚህ ከሰው ጋር አትገጣጠምም፤ ሰው ደግሞ ያልገጠመውን ሰው ኩሩ ይለዋል። አክስቴ «አንቱ በያት» ትለኝ ነበር። እሷ ግን አንቱታ ያስረጃል ብላ ስለከለከለችኝ፣ እትዬ እያልኩ አንቺ እላት ነበር።

አንድ ቀን በበልጉ ዝናብ፣ ፋብሪካው በር ላይ ወድቆ ያገኘችውን ቡችላ በምሳ ዕቃ ቦርሳዋ ይዛ መጣች። ቡናማ ነው፤ አንድ ጆሮው የታጠፈ። ስሙን ማናለኝ አለችው። ስሙ ግቢውን አስቀየመ። «ይህን ሁሉ ጎረቤት ይዛ ማን አለኝ ትላለች?» አለች አክስቴ። ለነገሩ ከዚያ በፊት በሯን አንኳኩቶ የጠየቃት ጎረቤት አልነበረም።

ከስሙ የባሰው መኝታው ነው። የሳሙና ሳጥን ውስጥ ገለባ የሞላ ጆንያ አንጥፋ፣ ከላይ ያረጀ ሹራቧን ደርባ፣ ከአልጋዋ ግርጌ አስቀመጠችለት። በእኛ ሰፈር ውሻ ደጅ ያድራል እንጂ ጠበል በሚረጭበት ቤት መኝታ አይነጠፍለትም። ሴቶቹ ቧንቧው ጋ በተገናኙ ቁጥር «ትራስስ አልጨመረችለትም?» እያሉ ይሳሳቁባት ነበር። እሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አጥራችን የተቦዳደሰ ቆርቆሮ ነው፣ ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ውሻ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ በሚጥለው መርዝ በተቀባ ሥጋ ይገደላል። ደጅ ካደረ ይወጣል፣ ከወጣ አይመለስም።

ቀን ፈረቃ ሳለች ደህና ነበር። ሌሊት ፈረቃ የገባች ዕለት ግን ማናለኝ ሰርቪሱ ከሄደበት ሰዓት አንስቶ ጎህ እስኪቀድ አለቀሰ። በማግስቱም እንዲሁ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ለቅሶው ሁላችን ቤት ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ግን በአንድ ግድግዳ የሚጎራበታት ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙሉጌታ ነበር መከራውን ያየው።

«አየለች፣ እኔ ቀን ሙሉ መርፌ ላይ ነው የማፈጠው» አላት ቧንቧው ጋ። «ክረምቱ ሳይገባ ዝም ካላሰኘሽው ሸጎሌ ማዶ ወስጄ እጥለዋለሁ። ቂም እንዳትይዢብኝ።»

«እሺ፣ ጋሽ ሙሉጌታ» አለች። ባልዲዋን ሳይሞላ አንስታ ሄደች። ያን ቡችላ ካጣች፣ ከፈረቃ ስትመለስ በሩን ከፍታ የምትገባው ማንም የማይጠብቃት ቤት እንደሚሆን ለእኔ ለልጅቷ እንኳ ይገባኝ ነበር።

አክስቴ አዘነችላትና ዘዴ ነገረቻት። «ሲተኛ ጠብቀሽ ሹልክ ማለት ነው። ልጅም የሚለምደው እንዲሁ ነው» አለቻት።

አክስቴ ይህን ዘዴ ታውቀዋለች። እናቴ የሄደችው እንዲያ ነበር። አምስት ዓመቴ ነው። ማታ አቅፋኝ ተኛች፤ ጠዋት ስነቃ ትራሱ ላይ የፀጉር ቅባቷ ሽታ ብቻ ነበር። «ነገ ትመጣለች» አለችኝ አክስቴ። በነጋታውም «ነገ» አለችኝ። ጅማ ሄዳ ሌላ ባል እንዳገባች የሰማሁት ዘግይቼ፣ ያውም ከሰው አፍ ነው። ክፋት አስበው አልነበረም። ልጅቷ እንዳታለቅስ ብለው ነው።

እትዬ አየለች የተመከረችውን አደረገች። ማናለኝን አስተኝታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ወጣች። እሱ ነቅቶ ሲያጣት የሆነውን መናገር አልችልም፤ በሩን ሲቧጥጥ አድሮ ጥፍሩ ደምቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጭራሽ መተኛት እምቢ አለ። ቀን እንኳ ሳጥኑ ውስጥ አይጋደምም፤ ዓይኑ እየተከደነበት የቀሚሷን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ይቀመጣል። ሳየው የማውቀው ነገር ሆነብኝ። እኔም የአክስቴን መቀነት እጄ ላይ ጠቅልዬ ነበር የምተኛው።

«ተኝቶ ሳለ ስለሄድሽበት እኮ ነው» አልኳት አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ። «አሁን እንቅልፍ ፈርቷል።»

እርጥብ አንሶላ በእጇ እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። የእናቴን ነገር ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ውሃው ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ይሻልሽ ነበር?» አለችኝ።

«ቢነግሩኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ተደብቃው ወጥታ አታውቅም። ቀን ፈረቃ ሲመለስላት፣ ከሥራ መጥታ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ልክ ለሥራ እንደምትሄድ ትለብሳለች። ሻሿን ታስራለች፣ ምሳ ዕቃዋን ታንጠለጥላለች። ከዚያ ሳጥኑ ጋ ጎንበስ ብላ «ቦታህ» ትለዋለች፤ እስኪጋደም ትጠብቅና «ሄጄ እመጣለሁ» ብላ፣ በሩን ዘግታ ትወጣለች። የምትሄደው ግን የትም አይደለም። ደጃፏ ላይ ያለው ሰፊ ድንጋይ ላይ፣ ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ሲያለቅስ አትገባም። «አሁን ከገባሁ፣ ያመጣኝ ለቅሶው ይመስለዋል» ትል ነበር በሹክሹክታ። ዝም ሲል ትገባና ታሻሸዋለች። መጀመሪያ ዝም የሚለው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ያህል ነበር፤ እያደር ረዘመ።

ችግሩ ሰላምታ ነው። በእኛ ሰፈር ደጁ ላይ የተቀመጠ ሰው ሰላም ሳይባል አይታለፍም። አንዷ «እንዴት ዋልሽ?» ስትላት እትዬ አየለች «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት አለባት፤ ድምፅዋ ሲሰማ ደግሞ ማናለኝ የደከመችበትን ሁሉ ትቶ ይነሳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሰላምታውን ያለድምፅ ማድረግ ለመደ። በዝግታ እየተራመዱ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉላታል። እሷም ከድንጋዩ ብድግ ብላ ጎንበስ ትላለች። አንዷ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ታፈስላታለች፤ ሌላዋ በምልክት ስለ ልጇ ጉንፋን ታወራላታለች። ጋሽ ሙሉጌታ ሳይቀር የሚዘመዝመውን ሱሪ ይዞ መጥቶ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ጆሮውን ወደ በሩ አድርጎ ያዳምጥ ጀመር። ሲጸጥ በአውራ ጣቱ ወደ ቤቱ እያመለከተ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦታዬ ከጎኗ ነው። ትከሻዋ ላይ ተደግፌ፣ ያን የማሽን ዘይት ሽታ እየሳብኩ፣ ሁለታችንም እዚያ የሌለን መስለን እንቀመጣለን። በልጅነቴ እንደዚያ ጊዜ ከሰው ጋር ነኝ ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ የለም።

ሌሊት ፈረቃዋ ተመልሶ ሲመጣ ግቢው በሙሉ ያቺን ሌሊት ይጠብቅ ነበር። ሰርቪሱ ጡሩንባ ሲነፋ፣ በእኛ መስኮት በኩል «ሄጄ እመጣለሁ» ስትል ሰማኋት። በሩ ተዘጋ። ማናለኝ አንዴ አጉረመረመ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ጠዋት ጋሽ ሙሉጌታ ፊቱን እየታጠበ «ዝም አለ ብዬ ሳዳምጥ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ» አለ፤ ሰዉ ሳቀ።

ማናለኝ ተረፈ። ግን ውሻው ከተማረ በኋላ እትዬ አየለች ድንጋዩ ላይ የምትቀመጥበት ምክንያት አልነበራትም። እንደ ድሮዋ በሯን ዘግታ ቀን ቀን መተኛት ጀመረች። ሴቶቹ አሁን በድምፃቸው ሰላም ይሏታል፤ ከመንገድ ሆነው፣ ሳይቆሙ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ድንጋዩ ባዶ ነው። አንዳንዴ ብቻዬን እቀመጥበትና ባይማር ኖሮ ብዬ እመኛለሁ። ደግሞ ያን መመኘቴ ያሳዝነኛል።

በመስቀል ማግስት ፋብሪካው የቆዩ ሠራተኞቹን አዲስ ሰው እንዲያሠለጥኑ ወሎ ወደተከፈተ ሌላ ፋብሪካ አዛወረ። እሷም አንዷ ሆነች። የሚወስዳቸው መኪና ሰውና ጓዝ እንጂ ውሻ አይጭንም። አክስቴ ጥቂት አንገራግራ «ማድ ቤት ከሆነ እሺ» አለች። እትዬ አየለች ሳጥኑን እኛ ማድ ቤት አምጥታ፣ ከመሄዷ በፊት ባሉት ቀናት እዚያው አስለመደችው። የመጨረሻው ቀን ማታ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ሂሩት፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አለችኝ። «አልመለስም። እመጣለሁ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትጠብቂኛለሽ።»

«ለማናለኝስ ምን ትይዋለሽ?» አልኳት።

ወደ ሳጥኑ ሄዳ ሹራቡን አስተካከለችለት።

ጠዋት መኪናው በር ላይ እየጮኸ ማድ ቤት ገባች። ሻሿን አስራለች። ሳጥኑ ጋ ጎንበስ ብላ «ቦታህ» አለችው፤ ተጋደመ። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ሌላ ቃል አላስተማርኩትም» አለችኝ፤ እሱን ሳታየው «ሄጄ እመጣለሁ» አለችና ወጣች።

ያን ሌሊት ማናለኝ አላለቀሰም። ሲነጋጋ፣ ሰርቪሱ እሷን በሚመልስበት ሰዓት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ በሩን አየ፤ ደግሞም ተመልሶ ተኛ። በነጋታውም እንዲሁ። የሚያለቅስበት ምክንያት አልነበረውም፣ ሁልጊዜ ትመለስ ነበራ።

ያለቀስኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ከሳጥኑ አጠገብ ተደፍቼ አገኘችኝ። «ምነው፣ ሳትሰናበትሽ ነው እንዴ የሄደችው?» አለችኝ።

«ተሰናብታኛለች» አልኳት።

እናቴ የሄደችበትን ቀን አላውቀውም፤ ስለዚህ አንድም ቀን አልቅሼላት አላውቅም፣ ስጠብቃት ነበር የኖርኩት። እትዬ አየለች የሄደችበትን ቀን ግን አውቀዋለሁ። እሷ የማለቅስበትን ቀን ሰጠችኝ፤ ሌላ ማንም ያን አልሰጠኝም። ያን ጠዋት ሙሉ አለቀስኩ። ሲበቃኝ ፊቴን ታጠብኩና ለማናለኝ ውሃ ቀዳሁለት።