የደበቅሁት ጉራግኛ

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በነፃ ማገልገል ጀመርኩ። ሥራዬ ከገጠር የሚመጡ፣ አማርኛ የማይችሉ አዛውንቶችን ቃል ለሐኪሙ ማስተርጎም ነው። አብረውኝ የጀመሩት ከጎጃም መጥተው እዚሁ ሲያስተምሩ ያረጁ መምህር ነበሩ። እሳቸው በር ላይ ቆመው ለበሽተኛው ክፍሉን ያሳያሉ።

ሦስት ወር ሳይሞላ መምህሩ ሰለቻቸው።

"ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት 'መርፌ ክፍል በግራ ነው' ለማለት ነው?" አሉኝ። "አንቺ ግን አንድ ቀን ፊትሽ ጠቁሮ አላየሁም።"

እውነታቸውን ነበር፤ ምክንያቱንም አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ከእምድብር አዲስ አበባ፣ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ትምህርት ቤት ስገባ፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ክፍሉ በአነጋገሬ ይስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉራግኛዬን ደበቅሁት። ቢሮ ተቀጥሬ እንኳ ዘመድ ሲመጣ የማናግረው በአማርኛ ነበር።

ለመምህሩ ይህን ከነገርኳቸው በኋላ የዚያን ሰሞን የገጠመኝን ጨመርኩላቸው። አንዲት እናት ለሐኪሙ "ራሴን" ብቻ ይላሉ፤ የሚያውቋት የአማርኛ ቃል እሷ ናት። በጉራግኛ ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ለሳምንታት ደም ሲፈሳቸው እንደቆየና ለወንድ መናገር እንዳፈሩ ነገሩኝ። ለሐኪሙ ነገርኩት፤ በዚያው ቀን ወደ አታት ሆስፒታል ተላኩ። ድነው ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነበር።

"እኔ እዚህ የመጣሁት የተሳቀበትን አፌን ይዤ ነው" አልኳቸው። "እርስዎ ግን ማስተማርዎን ቤት ትተውት ነው የመጡት።"

መምህሩ በማግስቱ ኃላፊዋን አስፈቅደው፣ ወረፋ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ፊት አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ አቆሙ። ፀሐይና ጨረቃ ሥለው መድኃኒት በምን ሰዓት እንደሚዋጥ ማስረዳት ያዙ፤ እኔ እተረጉማለሁ። ያልገባውን ያስደግማሉ፤ የሚያንቀላፋውን ይቆጣሉ። ድምፃቸው እስከ ካርድ ክፍል ይሰማ ጀመር።

አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ተራ ደረሰና ስማቸው ተጠራ። ሽማግሌው ከመነሳታቸው በፊት እጃቸውን አውጥተው በጉራግኛ የሆነ ነገር አሉ።

"ምን አሉ?" አሉኝ መምህሩ።

"ልውጣ ወይ ብለው እያስፈቀዱዎት ነው።"

"ይውጡ" አሉ መምህሩ፣ ኮስተር እንዳሉ። "ሲጨርሱ ግን ተመልሰው ይግቡ፤ ትምህርቱ አላለቀም።"