ባለ ሦስት ቁጥር አንሶላ

እትዬ መርፌ የደበዘዘውን ሦስት ቁጥር በቀይ ክር እንደገና እየጠለፉ ነው። አንሶላው ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ፣ ጠርዙን በግራ እጃቸው ወጠር አድርገው ይዘዋል። መርፌዋ ትገባለች፣ ትወጣለች። ክሩ ሲያጥር ምራቅ አስነክተው ሌላ ይሰካሉ። የእንግዳ ተማሪዎች ቤት አሥራ ሁለት ክፍል አለው፤ የሁሉም አንሶላና የትራስ ልብስ አንድ ላይ ነው የሚታጠበው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨርቅ የክፍሉ ቁጥር ይጠለፍበታል። ቁጥር የሌለው አንሶላ ባለቤት የሌለው ከብት ነው፣ ያገኘው ሁሉ ይነዳዋል ይላሉ።

ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ከቀሚሳቸው አንገትጌ ላይ ክር ያንጠለጠለች መርፌ ስለማትጠፋ አንድ ተማሪ «እትዬ መርፌ» አላቸው፤ ስሙም ተሰፍቶ ቀረ። እሳቸውም አልጠሉት። «መርፌ ምን አላት? ራቁቷን ሆና አገር ታለብሳለች» አሉ።

እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ዩኒቨርሲቲው ባሕር ማዶ ካለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል አለው። ልውውጡ አንድ ለአንድ ነው፤ አንድ ከዚያ ሲመጣ አንድ ከዚህ ይሄዳል፣ አንዱ ሲመለስም ሌላው ይመለሳል። ባለፈው ዓመት ተራው የልጅ ልጃቸው ሆነ። ልጅቷ እናቷን ያጣችው አራት ዓመት ሳይሞላት ነው፤ አቅፈው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በእሷ ምትክ የመጣችው እንግዳ ሦስት ቁጥር ክፍል ገባች። የልጅ ልጃቸው ደግሞ እዚያ ማዶ የእንግዳዋን አልጋ ያዘች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ መርፌ ለማንም ያልተናገሩት አንድ ነገር በሆዳቸው አለ። ለዚህች አልጋ ያደረጉት ሁሉ ለዚያች አልጋ የሚደረግ ይመስላቸዋል። አንድ ሳምንት ብርዱ ሲጠና ሦስት ቁጥር ላይ ብርድ ልብስ ደረቡ። በዚያው እሁድ ልጅቷ ስልክ ደውላ «እምዬ፣ በርዶኝ ነበር፤ አሁን ግን ሞቆኛል» አለቻቸው። እሳቸው «ተመስገን» ብቻ አሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እጃቸውን አገላብጠው አገላብጠው አዩት።

አንሶላው ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ ሲሞላው፣ ከበስተጀርባው ሌላ ግቢ ያለ ይመስላቸዋል። እዚያም አንዲት ሴት ቆማለች። ፊቷ አይታያቸውም። እጆቿ ብቻ ከጨርቁ ጫፍ ብቅ ይላሉ፤ እርጥቡን ያራግፋሉ፣ ያቃናሉ። አንዳንዴ እትዬ መርፌ ገመዱን በቀስታ ሳብ ያደርጉታል፣ በዚያኛው ጫፍ የያዘው ሰው ካለ እንዲሰማው ብለው።

አሁን ልጅቷ ልትመለስ ሰባት ቀን ቀርቷታል። የድሮ ፍራሿ ጥጡ ተጓጉሎ ድንጋይ ስለሆነ ፍራሽ አዳሹ ዘንድ ተወስዷል። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልወሰዱት፣ ሰውዬው ሱቁን ዘግቶ ለአንድ ወር ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል። ለዚህ ብለው የዘበኛውን የእጅ ጋሪ ተውሰዋል።

«እትዬ፣ ፍራሹን ሲያመጡ መንገድ ላይ ተኝተውበት እንዳይቀሩ» አለ ዘበኛው፣ ጋሪውን በሩ አጠገብ እያቆመ።

«እኔ? በር ላይ ቆሞ የሚያንኮራፋ ሰው አለ አሉ። እሱን ምከረው።»

ዘበኛው እየሳቀ ሄደ። እሳቸውም የመጨረሻዋን ስፌት ሊያስሩ ሲሉ ሦስት ቁጥር ተከፈተ። እንግዳዋ ናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣ አንድ ወረቀት ይዛ። ቋንቋውን በአንድ ዓመት ነው የለመደችው፤ ቃል እየመረጠች ቀስ ብላ ትናገራለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ። እዚህ ላይ ይፈርሙልኛል? ክፍሉን በደንብ ይዛለች ብለው።»

«ምንድን ነው ልጄ?»

«አንድ ዓመት ለመጨመር። ግን ብቻዬን አይሆንም። ልውውጥ ስለሆነ ሁለታችንም መቆየት አለብን። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። እሷ ፈርማ ልካለች...» ፊታቸውን አየችና ቆመች። «አልነገረችዎትም?»

ወረቀቱ ግርጌ የልጅ ልጃቸው ፊርማ አለ። በልጅነቷ በየግድግዳው የምትሞክረው፣ እንደ ድመት ጅራት የተጠቀለለው ፊርማ።

«ፈርታ ይሆናል» አለች እንግዳዋ በትንሽ ድምፅ።

«እኔን? እኔን ማን ይፈራል?» አሉ እትዬ መርፌ። ጣታቸውን በፊርማው ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱ።

«ፈተና አለብኝ፣ ልሂድ፤ ስወጣ ቢሮው ይዘጋል። ከፈረሙ እርስዎ ያስገቡልኛል? ካልፈለጉ እዚህ ይተዉት። አልቀየምም። እሷም አትቀየምም፤ እምዬ ካልፈቀደች እመለሳለሁ ብላለች።»

ሮጠች። ኮሪደሩ ጸጥ አለ፤ ከልብስ ማጠቢያው የሚመጣው እንፋሎት ብቻ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል። ሰዓቱ አሥር ሊሆን ነው። የውጭ ግንኙነት ቢሮው ከግቢው ማዶ ኮረብታው ላይ ነው፤ ፍራሽ አዳሹ በተቃራኒው ታች ገበያው ጋ። ሁለቱም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። የእሳቸው ጉልበት ለአንዱ ነው የሚበቃው።

ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ቢያድር ማንም አይጠይቃቸውም። በሰባተኛው ቀን በሩ ይንኳኳል፣ ልጅቷ ትገባለች፣ አንገታቸው ላይ ትጠመጠማለች። ፍራሹ ይነጠፋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት እዚያ ውስጥ ቆዩ። ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር። ልጅቷ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች፤ ቢጠሯት አልሰማ አለቻቸው።

ዓይናቸውን ሲገልጡ አንሶላው ጭናቸው ላይ ነው። አዲሱ ሦስት ቁጥር ቀይ ሆኖ ያያቸዋል። ሊሄድ ሳምንት የቀረው እንግዳ አንሶላ ቁጥሩ አይታደስም፤ ለአዲስ እንግዳ አዲስ አንሶላ ስለሚወጣ ክር ማባከን ነው። ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ታዲያ ጠዋት ምን ነክቷቸው ነው የጀመሩት?

«እጄ ቀድማኝ ሰምታለች» አሉ ለራሳቸው። ክሩን አሰሩና በጥርሳቸው በጠሱት።

በትልልቅ ፊደል ፈረሙ። ነጠላቸውን አጣፍተው ኮረብታውን ወጡ፤ ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሽ ሰበሰቡ። ቢሮ ሲደርሱ ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ይዛ ተነስታ ነበር።

«ውይ እትዬ! በዚህ ጉልበትዎ ራስዎ አመጡት?» ወረቀቱን አነበበችና ቀና አለች። «ይህ ከገባ የልጅ ልጅዎ ዘንድሮ አትመጣም እኮ። ያውቃሉ?»

«አውቄ ነው የወጣሁት። ምቺው በማኅተምሽ።»

ማኅተሙ ዱብ አለ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሰውነታቸው ቀሎ ነበር፤ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስላቸውም። ግቢ ሲገቡ ጨለም ማለት ጀምሯል። አንሶላውን ሦስት ቁጥር አልጋ ላይ አነጠፉት። ማዕዘኑን አጠፉ፣ በመዳፋቸው አለሰለሱት፣ ከላይ ሁለተኛውን ብርድ ልብስ ደረቡ። ገና ክረምቱ ረጅም ነው።

«እትዬ፣ ፍራሹስ?» አለ ዘበኛው ከውጭ።

እሳቸው የብርድ ልብሱን ጠርዝ አቃኑ። ጋሪው እጀታው ወደ ገበያው መንገድ እንደዞረ፣ ሁለት ደረቅ ቅጠል አርፎበት፣ በሩ አጠገብ ቆሟል።