የአንካሴው ልክ

ጥሩሸዋ ጠዋት ጠዋት ክፍል ስትገባ፣ ጠመኔ ከማንሳቷ በፊት በሩ ጥግ ወደተቀመጠችው ቢጫ ጀሪካን ጎንበስ ትላለች። በጀሪካኗ ጎን ባለው ቀዳዳ ሌባ ጣቷን ሰካ አድርጋ ታወጣና ትምህርቷን ትጀምራለች። ከኅዳር 1999 ወዲህ ያደረባት ልማድ ነው።

ጀሪካኗ የእናቷ የጌታነሽ ናት። ጥሩሸዋ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የቀየት አካባቢ ሰዎች ከምንጩ እስከ ቦኖው የቧንቧ ቦይ ቆፈሩ፤ «ያልቆፈረ አይቀዳም» ብለውም ተማማሉ። የጌታነሽ ባል ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ነበር፤ እሷም መውለጃዋ ደርሶ አልቆፈረችም። በወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትንሿን ጀሪካን ይዛ፣ ጥሩሸዋን አስከትላ ቦኖው ዘንድ ሄደች። እዚያ ወረፋ የሚይዘው ጀሪካኑ ነው፤ ባለቤቱ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ተራዋ ሲደርስ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወዳጆ መጣና የአንካሴውን ብረት ጀሪካኗ ጎን ላይ ሰካው። ጌታነሽ ቤቷ ተመልሳ እንስራ አዘለችና ወንዝ ወረደች። ዳገቱን ስትወጣ ደም ፈሰሳት። ለሕፃኑ ክርስትና አልደረሰችም።

ጥሩሸዋ ከዚያ ወዲህ የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ ወዳጆ «እኔ ነኝ» ሲል በሰው ፊት መስማት። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስትወጣ ከተማ መመደብ እየቻለች ቀየትን ለምና ያገኘችው ለዚሁ ነበር። የወዳጆ የልጅ ልጅ ሳሌም አምስተኛ ክፍል እስክትገባላት ሦስት ዓመት ጠበቀች።

በዚያ ኅዳር ስለ ዓለም የውሃ ክፍፍል አስተማረች። ልጆቹን በአገር ስም ሰይማ፣ ከባልዲ እየቀዳች ለአንዱ አገር ሙሉ ጣሳ፣ ለሌላው ግማሽ፣ ለሌላው አንድ የጠርሙስ ክዳን ሰጠች።

«በሀብታሙ አገር መኪና ሲታጠብ የሚፈሰው ውሃ፣ እዚህ አንድን ቤት ስንት ቀን ባኖረ!»

«ቲቸር፣ መኪና ሙሽራ ነው እንዴ የሚታጠበው?» አለ አወቀ የሚባለው ቀልደኛ።

«አሁን የመጨረሻው አገር ቀረ። ማን ይሁን?»

«ዕጣ ይጣል!»

ዕጣ አልጣለችም። «ሳሌም፣ ይህችን ጀሪካን ቦኖው ዘንድ ሞልተሽ ነይ። የአገርሽ ውሃ ይዘሽው የደረስሽው ብቻ ነው።»

ሳሌም ወጣች። ቆየት ብላ ጥሩሸዋ ልትቀበላት ብቻዋን እስከ አጥሩ በር ሄደች፤ ባዶውን ጀሪካን ይዛም ተመለሰች። ሳሌም እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሮጣለች።

ብዙም ሳይቆይ ወዳጆ አንካሴውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆመ፤ ሳሌም ጋቢውን ይዛለች።

«አንቺ! በቀዳዳ ጀሪካን ውሃ ቅጂ የምትያት፣ ልጄ መቀለጃሽ ናት?»

«ይግቡ ጋሼ፣ እንኳን መጡ።» በአፏ «እርስዎ»፣ በልቧ «አንተ» ነበር። «አንካሴዎን ያውሱኝ።»

ግራ ገብቶት ሰጣት። እሷም ለአወቀ አቀበለችው። «ቀዳዳው ውስጥ አስገባውና ልኩን ንገረን።»

ብረቱ ገባ፤ አልጠበበው፣ አልሰፋው። «ቲቸር፣ ልክክ አለ!»

«የጌታነሽ ጀሪካን ናት» አለች ሽማግሌውን እያየች። «የእናቴ። ልጆች፣ አራስ አልቆፈረችም ተብላ ውሃ ትከልከል?»

«አትከልከል!»

«የከለከላትስ ሰው?»

«ቦኖው ሥር ይታሰርና ሌላው ሲጠጣ ይይ!» አለ አወቀ። ክፍሉን ሳቅ ሞላው። ሳሌም ብቻ ቀና ብላ አያቷን አየች።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት?»

ወዳጆ «እኔ ነኝ» አለ። አንካሴውን ሳይቀበል ወጣ።

ጥሩሸዋ ያቺን ቃል ስታነሳ ዛሬም ፊቷ ይበራል። አንካሴው ሰሌዳው ሥር ነው፤ የካርታ መጠቆሚያ ሆኗል። «ይቅር በይው» ለሚላት ሁሉ፣ «የሞተችው እናቴ ናት፤ እሷ ትበለው» ትላለች።

ይህን ሁሉ አውግታኝ፣ አንዲት ነገር ብቻ ሳትነገር እንድትቀርላት ለምናኛለች። ሳሌም ያን ቀን ባዶ ጀሪካን ይዛ አልመጣችም። ቀዳዳውን በሌባ ጣቷ ደፍና፣ ጀሪካኗን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከቦኖው እስከ አጥሩ በር ሙሉ አድርሳት ነበር። የፕላስቲኩ ጠርዝ ጣቷን ቆርጦት ይደማ ነበር።

«ቲቸር፣ ጠብ አላደረግሁም!» አለች እየሳቀች።

ጥሩሸዋ ጀሪካኗን ተቀበለቻትና፣ ውሃውን እዚያው ፊት ለፊቷ ደፋችው።