ባለቆቧ ፍሬ በዘይት ቆርቆሮ

አማቴ ወረታ ከተማ እኛ ቤት የገቡት ባለቤቴ ለውትድርና በተወሰደ በሦስተኛው ወር ነው። መሪጌታ ነበሩ። በፎገራ ሜዳ ላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ደርግ ሲመጣ የደብሩ መሬት ለገበሬ ማኅበር ተሰጠ፤ ኋላም ተማሪው ውትድርናውን እየፈራ ተበተነና ብቻቸውን ቀሩ። ባለቤቴ ሲሄድ «አባባን አደራ» ብሎኝ ስለነበር ሰው ልኬ አስመጣኋቸው።

እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ያደግሁት ምራት ከአማቷ ፊት ተቀምጣ መብላት ነውር በሆነበት ቤት ነው። ስለዚህ ጧት «እንዴት አደሩ?»፣ ማታ «ደህና ይደሩ» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ነው። ትምህርት ቤት ስውል እሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ከጎንደር በኩል የሚመጣ መኪና ሁሉ ልጃቸውን የሚያወርድ ይመስላቸው ነበር።

አንድ ጊዜ ጣራ ገዳም ተሳልመው ሲመለሱ በመሐረብ የተቋጠረ ጥቂት ፍሬ ይዘው መጡ። እያንዳንዷ ፍሬ ወረቀት በመሰለ ደረቅ ሽፋን ተጠቅልላለች። ሽፋኑ ሲገለጥ ውስጧ ቢጫ፣ ከሽንብራ ከፍ ያለች ድብልብል ናት። ቀመስኋት፤ መጀመሪያ ኮመጠጠችኝ፣ ቀጥላ ጣፈጠችኝ።

«ስሟ ማን ነው፣ አባባ?»

«የሰጡኝ መነኩሴም አያውቁትም። ፈረንጅ ያመጣት ናት አሉኝ።» አንዷን አነሱና «ቆብ ደፍታለች፤ ባለቆብ እንበላታ» አሉ።

ሲቀልዱ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዘሩ ግማሹን አስቀምጠን ግማሹን ከግቢያችን ጥግ ዘራነው። በቀለ፣ አማረም። ነገር ግን ቤታችን ከከተማው ዝቅ ብሎ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ ነበር፤ አፈሩም ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይዞ አይለቅም። ሐምሌ ሳይጋመስ ሥሩ በስብሶ ሁሉም ወደቀ። አማቴ ከተጋደሙት ግንዶች አጠገብ ቆመው «ውሃው መሬቱን ካልለቀቀ እኛ መሬቱን እንልቀቅለት» አሉኝ።

ከገበያ ባዶ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮዎች ገዛሁ። አፈር ሞልተን የቀረውን ዘር ዘራን። እንደገና ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ሄደ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አማቴ አንዱን ቆርቆሮ ገልብጠው አፈሩን ሲያሸቱ አገኘኋቸው።

«ታፍና ነው» አሉኝ። «ውሃ የምናስገባበት እንጂ የምናስወጣበት በር አልሠራንላትም። ምስማር አምጭልኝ።»

የቆርቆሮውን ሁሉ ቂጥ በምስማር በሳሳን። ከርብ ወንዝ አሸዋ በኬሻ አስመጣሁ። እሳቸው ከሥር ጠጠር ደለደሉ፤ በላዩ አንድ እጅ ዋልካ፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የቆየ ፍግ ደባልቀው ሞሉት። ቆርቆሮዎቹን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገን ደረደርናቸው። ከሞት የተረፉት አምስት ችግኞች ነበሩ፤ በሳምንቱ ቀና አሉ።

ችግኞቹ ስንዝር ሲያልፉ አማቴ የእያንዳንዳቸውን ጫፍ በጥፍራቸው ቀነጠሱት። እኔ አዘንሁ። ያን ያህል ደክመንባቸው ለምን እንደሚቆርጧቸው ጠየቅሁ።

«ዝም ብሎ ወደ ላይ የሚሮጥ ተማሪ አውቃለሁ» አሉኝ። «ድምፁ ያምራል፤ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ግን ይወድቃል። ይህችም መጀመሪያ ትስፋ።»

እውነትም ከጎን ከጎኗ ቅርንጫፍ አወጣች። ሸምበቆ ተከልን፣ ቅርንጫፎቹን በክር አሰርን። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምናወራው ነገር ኖረን። የትኛዋ አበባ አወጣች፣ የትኛዋን ትል በላት፣ አመድ እንነስንስባት ወይስ በሳሙና ውሃ እንጠባት። ከዚያ እያለፍን ስለ ዜማ፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው፣ ስለ እኔ ተማሪዎች አወራን። የባለቤቴ ደብዳቤ ሲመጣ ሁለት ጊዜ አነብላቸዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ቀረ። ስለዚያ ግን አንዳችንም አላነሳንም።

በዚያው ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሸፈነው። እኔ ለተማሪ ምዝገባ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ውሃው ወደ ሰፈራችን መግባቱን ሰምቼ ሮጬ ስደርስ ግቢው ውስጥ ከጉልበት በላይ ሆኖ ነበር። አማቴ መሐሉ ቆመዋል። ነጠላቸው ረጥቦ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል፤ በሁለት እጃቸው የመጨረሻውን ቆርቆሮ አቅፈዋል። አራቱን አልጋቸው ላይ ደርድረዋቸዋል።

ይዤ ወደ ቤት ሳስገባቸው ተቆጣሁ። በሕይወቴ ለእሳቸው ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ለቅጠል ብለው ይሙቱ? ልጅዎ ሲመጣ ምን ልበለው?»

በዚያው ትኩሳት ያዛቸውና ሁለት ሳምንት ተኙ። እኔ በሌለሁ ጊዜ ጎረቤቴ አጥሚት ታጠጣቸው ነበር። ትኩሳቱ ሲለቃቸው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ስለ ተናገርሁት ይቅርታ ጠየቅሁ።

«እውነትሽን ነው» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ልጄን ሲወስዱት እጄን አጣምሬ ነው ያየሁት። ውሃው ሲመጣ እንደገና እጄን አጣምሬ መቆም አልቻልሁም።»

ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻቸው ሳብሁላቸው።

ኅዳር ላይ ሽፋኖቹ እየደረቁ ፍሬዎቹ ራሳቸው መርገፍ ጀመሩ። አማቴ አረንጓዴውን እንድቀጥፍ አይፈቅዱልኝም፤ «ራሷ ስትወርድ ነው የበሰለችው» ይሉ ነበር። በየቀኑ አንድ ሳህን እንለቅም ነበር። ለጎረቤት አዳረስን፣ ለተማሪዎቼ ወሰድሁ። በተከታዩ ዓመት በሰፈራችን በረንዳ ሁሉ ላይ ባለቆብ የተተከለበት ቆርቆሮ ይታይ ነበር። የሰፈሩ ሴቶችም «ቂጡን መብሳት አትርሺ» ይባባሉ ነበር።

ባለቤቴ የመጣው ደርግ ሲወድቅ ነው። ከሸሹት ወታደሮች አንዱ ሆኖ፣ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ በሸበጥ ጫማ ግቢው ውስጥ ቆመ። የአማቴ ዓይን ያኔ ደክሟል።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ለመነሳት ሞከሩ። እሱ ወደ እሳቸው ሄዶ ተንበረከከ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንድ ነገር ግን አላሰብሁትም ነበር። ልጃቸው ከመጣ በኋላ አማቴ ወሬያቸውን ከእሱ ጋር አደረጉ፤ እኔም እንደ ምራት ወጥ አቅርቤ ወደ ጓዳ መመለስ ጀመርሁ። ማንም አላዘዘንም፤ ሁለታችንም እንዲሁ ወደ ቦታችን ተመለስን። አልፎ አልፎ ብቻችንን ስንሆን «አፈሩ አልከበደም?» ይሉኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ።

ባለቤቴ አንድ ቀን «ያን ሁሉ ዓመት ምን ስታወሩ ኖራችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ስለ አፈር» አልሁት። የቀለድሁ መስሎት ሳቀ።

አማቴ ከሁለት ዓመት በኋላ በእንቅልፋቸው አረፉ። በቀድሞ ደብራቸው ተቀበሩ። የድሮ ተማሪዎቻቸው ከያሉበት መጥተው አሸበሸቡላቸው። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ከባለቤቴ አንገት ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እኔን ጎረቤቶቼ «አይዞሽ፣ ደህና አድርገሽ ጦርሻቸዋል» እያሉ አጽናኑኝ። አባት እንደሞተብኝ የሚያውቅ አልነበረም።