በወተት ሻጯ ፍሪጅ ውስጥ ያደረው ክትባት

ዶክተሩ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚሁ አገር የተሠራ የትክትክ ክትባት። ልጅ ሳሉ ሁለት ታናናሾቻቸውን ትክትክ በአንድ ሳምንት ወስዶባቸዋል። እሳቸው ስለዚህ ትንፍሽ አይሉም፤ እኔም የሰማሁት ከዘበኛችን ነው። ረዳታቸው ነበርኩ። አይጦቹን እመግባለሁ፣ ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ጠዋትና ማታ የፍሪጁን ሙቀት አንብቤ ሥራችን ሁሉ በሚመዘገብበት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ያኔም ዛሬም ቀልቃላ ሴት ነኝ። እሳቸው ግን ምን እንደታያቸው እንጃ፣ «የእኔ ጥንቁቅ» ይሉኝ ነበር።

ላብራቶሪያችን የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ሥር ያለ አሮጌ ቪላ ነው። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ዘመን ነበር፤ ጄኔሬተራችን ደግሞ ከሚሠራበት ቀን የሚበላሽበት ይበዛል። ስለዚህ የራሳችንን ዘዴ አበጀን። እኛ ጋ ሲጠፋ ቀበና ስለሚበራ፣ ብልቃጦቹን በበረዶ ሳጥን ይዤ እወርድና ወተትና እርጎ የምትሸጥ ደንበኛዬ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራቸዋለሁ። ዶክተሩም ያውቃሉ፤ ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው? ሴትዮዋ ከስልጤ የመጣች ደግ ሰው ነች፣ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም።

ሁለት ዓመት የተለፋበት ክትባት አለቀና ወሳኙ ሙከራ ሰኞ ሊጀመር ሆነ። አይጦቹ ይከተባሉ፣ ከሳምንታት በኋላ የትክትክ ጀርም ይሰጣቸዋል። ከተረፉ ከውጭ በገንዘብ የሚረዱን ሰዎች ድጋፋቸውን ይቀጥላሉ፤ ካልተረፉ በቃ፣ ይዘጋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። እኔ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለብኝ፣ ፀጉሬን እንኳ አልተሠራሁም። ሁልጊዜ ሱቋ ውስጥ ገብቼ መሃለኛው መደርደሪያ ላይ በእጄ ነበር የማስቀምጠው። ያን ቀን ግን ሳጥኑን ከደጅ አቀበልኳትና «መድኃኒት ነው፣ አደራ» ብያት በረርኩ።

እሑድ ረፋድ ላይ ስመለስ በፈገግታ ተቀበለችኝ። «ሙቀት እንዳያገኘው ብዬ ፍሪዘሩ ውስጥ ከተትኩልሽ» አለችኝ።

ያ ክትባት ቅዝቃዜ ይፈልጋል እንጂ በረዶ ከሆነ አለቀለት። እሷ ይህን ከየት ታውቀዋለች? መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አመስግኛት ወጣሁ። ላብራቶሪ ደርሼ በረዶው ሲሟሟ አንዱን ብልቃጥ ነቀነቅሁት። ደህናው ክትባት ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ ይኼኛው እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራርጦ ወዲያው ታች ዘቀጠ። መብራት መጥቶ ስለነበር ብልቃጦቹን ፍሪጅ ውስጥ መለስኳቸው። ከዚያ ደብተሩን ከፍቼ፣ ላደረበት ሌሊት እንደ ደህናው ቀን ሁሉ «4 ዲግሪ» ብዬ ጻፍኩ።

ፈራሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ። እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ግን «የእኔ ጥንቁቅ» መባል እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። ምናልባት ይሠራ ይሆናል እያልኩም ራሴን ሸነገልኩ። ሰኞ ዕለት መርፌውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ዝቃጩ እንዳይታይ ብልቃጡን አጥብቄ እየነቀነቅሁ። ዶክተሩ ዓይናቸው ደከም ያለ ነበር፣ እያንዳንዷን አይጥ በቀስታ አቅፈው ከተቡ።

ጀርሙ ሲሰጣቸው አይጦቹ አለቁ። ሥራው ተዘጋ፣ ዶክተሩ ጡረታ ወጡ፣ እኔ ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ።

ከዓመታት በኋላ ታመዋል ሲሉኝ ቀበና ቤታቸው ሄድኩ። ሰውነታቸው አልቆ አልጋው ላይ ያሉም አይመስልም። ከትራሳቸው ሥር ያንን ደብተር አወጡ፤ እስካሁን ሲያነቡት ኖረዋል ለካ!

«ዓይኔ አሁን እምቢ አለኝ» አሉኝ። «አንቺ ጥንቁቅ ነሽ። ስህተቴ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጊልኝ፣ ልጄ። ሳላውቀው እንዳልሞት።»

ደብተሩን ቤቴ ወሰድኩት። ምን እፈልጋለሁ? ገጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ፤ መንገድ ላይ እንኳ ቃላቱን እያጠናሁ ነበር የሄድኩት። አጠገባቸው ስቀመጥ ግን እጄን ያዙኝ።

«አላገኘሁትም፣ ዶክተር» አልኳቸው።

«እንግዲያው ክትባቱ ራሱ ነው የማይረባው» አሉና፣ ስለ ድካሜ አመሰገኑኝ።