ለኢንጂነር ገሰሰ የተተከለው ድንኳን

ኢንጂነር ገሰሰ ሶቪየት አገር፣ ባኩ ድረስ ሄዶ የተማረው ከመሬት ሆድ ጋዝና ነዳጅ ማውጣት ነበር። የቦሌ ጎረቤቶቹ ግን ይህ ነገር ፈጽሞ አልገባቸውም፤ ከቀበሌ ሱቅ ላምባ በጠፋ ቁጥር ሚስቱን ዘርፌን «ባልሽ ሲመጣ አንድ ጀሪካን አይዝልንም?» ይሏታል። ሰውየው ከሚሠራበት ከኦጋዴን ይዞ የሚመጣው ወባና አቧራ ብቻ መሆኑን ማን ይንገራቸው! ሦስት ወር በረሃ፣ ሁለት ሳምንት ቤት። እንዲህ እያለ ከቦሌ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ቤት ሠራ፣ ሦስት ልጆች ወለደ፤ ሰፈሩ ግን መልኩን እንኳ በወጉ ሳያውቀው ቀረ።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከቁፋሮው ቦታ ሠራተኞች አሳፍሮ የወጣ መኪና ፈንጂ ረገጠ። የተረፈ የለም። የገሰሰ ስም ከተሳፋሪዎቹ ጋር ተመዝግቦ ነበር፤ እሱ ግን ሊሳፈር ሲል የመቆፈሪያው ቧንቧ ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ «አንተ ከሌለህ አይሆንም» ብለው አስቀሩት። የካምፑ ሬዲዮ ተበላሽቶ ስለነበር መትረፉን ለአዲስ አበባ የነገረ አልነበረም።

ወሬው ከመሥሪያ ቤቱ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ኃይለኪሮስ ደረሰ። እሳቸው የወግ ሰው ናቸው፤ መርዶ ሳይነጋ መነገር እንዳለበት እንጂ መጣራት እንዳለበት አላሰቡም። ሽማግሌዎች ይዘው ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩ። በዚያ ዘመን የግንባር መርዶ የማይገባበት ሰፈር ስላልነበረ «እርግጥ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቀርቷል። ዘርፌም በሯ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች ስታይ ጮኸች፤ በቃ፣ ገሰሰ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን ሟቹ በጭነት አውሮፕላን ቦሌ ደረሰ። ወባ አክስቶት፣ ጢሙ አድጎ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ አዘገመ። ደጁ ላይ ድንኳን ሲያይ ሻንጣውን ጥሎ ቆመ። ዘርፌ ናት? ወይስ ከልጆቹ አንዱ? አቶ ኃይለኪሮስ ለቀስተኛ መስሏቸው ክንዱን ደግፈው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«ከሩቅ ነው የመጣኸው፣ ልጄ?»

«አዎ። ማን ነው የሞተው?»

«የቤቱ ባለቤት ነው እንጂ። ኢንጂነሩ።»

ገሰሰ መጀመሪያ እፎይ አለ። ዘርፌም ልጆቹም አሉ ማለት ነው። የሚለቀስለት ሰው ማን እንደሆነ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለ፤ ለምን እንደጠየቀ ራሱም አያውቅም።

ሽማግሌው አሰቡ። ባለሱቁን ኑሪን አዩት፤ ኑሪም ትከሻውን ሰበቀ። «ጨዋ ነበር ይላሉ» አሉ በመጨረሻ። «እኛ እንኳ ብዙም አናውቀው። የምናውቀው ሚስቱን ነው።»

ገሰሰ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሁሉ ከበረሃ ጋር ሲታገል የኖረው ለዚህ ቤት ብሎ ነበር፤ የገዛ ለቅሶው ላይ ግን ከእንግዳ የሚለየው ሰው ጠፋ። እንዲያ ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም፣ በረሃ መሃል እንኳ።

ዘርፌ ለቀስተኞች ልትሸኝ ስትወጣ አየችው። የቀረውን መንገር አያስፈልግም፤ እሪታው፣ እልልታው፣ የአቶ ኃይለኪሮስ እፍረት። ለለቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ በሳቅ ተበላ።

ሰዉ ሲበተን ግን ዘርፌ አልሳቀችም። «ሰው ሲሞትበት ሙያውን፣ ጨዋታውን እየጠራ ያለቅሳል» አለችው። «እኔ ምን ብዬ ልጥራህ? ሦስት ቀን ሙሉ ስምህን ብቻ ስጠራ ሰነበትኩ።»

ይህ ንግግር አንጀቱን በላው። በማግስቱ አለቃው ዘንድ ሄዶ የቢሮ ሥራ እንዲሰጡት ለመነ። እንቢ አሉት፤ ደጅ ጠና፤ በሳምንቱ እሺ አሉት። ያን ቀን ከመገናኛ እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ፤ መንገዱን ሙሉ ለዘርፌና ለልጆቹ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራቸው ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር።

ራት ቀረበ። እሱ አፉን ሊከፍት ሲል ትንሿ ልጁ ብርነሽ ቀደመችው። እሱ በሌለ ጊዜ የምትተኛው ከእናቷ ጋር ነው፤ ሲመጣ ወደ ወንድሞቿ ክፍል ትባረራለች።

«አባባ፣ መቼ ነው የምትሄደው?»

ዘርፌ ትቆጣት ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ዘርፌ አልተቆጣችም፤ ዓይኗን መሶቡ ላይ ተክላ ዝም አለች። ገሰሰ ያን ዝምታ እሷም ቀኑን ለማወቅ እንደ መፈለግ ቆጠረው።

«እሁድ» አለ።

ብርነሽ ደስ ብሏት መብላቷን ቀጠለች። እሱም በማግስቱ ቢሮው ሄዶ ሐሳቡን መቀየሩን ተናገረ፤ ለአለቃው እብድ መሰላቸው። እሁድ ሄደ።

ዘርፌ ያን ማታ ምን ስትጠብቅ እንደነበር የነገረችው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ወባው ጨርሶ አልጋ ላይ ሲጥለው ነው። «አልሄድም» የምትለዋን ቃል ነበር የምትጠብቀው፤ ልቧ ከመምታቱ የተነሳ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«አንተ የምትሄድበትን ቀን ነበር ሁልጊዜ የምትነግረኝ» አለችው። «ጠይቀኸኝ አታውቅም።»