ሸማቸው የተቋጠረ ሰዎች ከተማ

ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባን የማውቃት በአያቴ አፍ ነበር። ዳንግላ ዳር፣ ከገበያው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤት ነበረን፤ መካከለኛው የአያቴ የአባባ እንየው፣ በግራ ያለው የእኛ፣ በቀኝ ያለው የአጎቴ የፈንታሁን። ሲመሽ እኔና የአጎቴ ልጅ ምንይችል እራታችንን ቶሎ ቶሎ ውጠን መካከለኛው ቤት እንገናኛለን። አባባ እንየው ምድጃው ላይ ደረቅ ቀርከሃ ይጨምራሉ፤ አንጓው ሙቀት ሲያገኘው ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ ምንይችል ሁልጊዜ ይደነግጣል፣ እኔ ሁልጊዜ እስቅበታለሁ፣ እሳቸውም «አንቺ ጉረኛ» ይሉኛል። ድንች ፍሙ ሥር ቀብረው እስኪበስል ድረስ ነበር የሚተርኩልን። ድንቹ ሲበስል ወሬውም ያልቃል፤ ስለዚህ ያኔ ምግቡ እንዳይደርስ የምንጸልይ ልጆች ነበርን።

ሌላው ልጅ ስለ ጦጣና ስለ ቀበሮ ሲነገረው እኛ የሚነገረን ስለ ከተማ ነበር። አባባ እንየው በወጣትነታቸው ማር ከጫኑ ሰዎች ጋር ከአገው ምድር ተነሥተው፣ አባይን ተሻግረው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሰው ቤት በቅሎ ጠባቂ ሆነው ዓመታት ኖረዋል። ዛሬ ቢቆጠር መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። የእሳቸው አዲስ አበባ ጭቃ ነች፤ ድልድይ የሌለው ወንዝ ይበዛባታል፤ ክረምት ላይ ማዶ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ የወጣ ሰው ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ትልቅ ሰው በበቅሎ ሲያልፍ ከፊቱም ከኋላውም አሽከር ይግተለተላል፣ የማን አሽከር ይበዛል እያሉ የሚከራከሩ ሥራ ፈቶችም አይጠፉም። አራዳ ገበያ ላይ በጥይት ጨው፣ በጨው በርበሬ ይገዛል። የአርመኑ ሱቅ በር ላይ ምንም የማይገዛ ሰው ተሰብስቦ መስታወቱን ያያል። ጠዋትና ማታ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ሰፈሩን ይሸፍነዋል፤ ከመሸ ደግሞ ፋኖስ ያልያዘ አይወጣም፣ መንገዱ የጅብም ጭምር ነውና።

ከሁሉ አስበልጠን የምንወደው ግን የመንገዱን ዳኛ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ የሚያልፈውን መንገደኛ «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ያቆመዋል፤ የቆመው ሰው ጨርቅ ሻጭም ይሁን ቆሎ ተማሪ በዚያች ሰዓት ዳኛ ነው። ሕዝቡ ይከባል፤ ተከራካሪዎቹ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ ይሟገታሉ፤ አንደበቱ የተፈታው ሲናገር ተመልካቹ ያጨበጭባል። መንገደኛው መፍረድ ካቃተው የሁለቱን ሸማ ጫፍና ጫፍ ይቋጥርና ወደ ትልቁ ዳኛ ይልካቸዋል። ከዚያ ወዲያ እስኪፈረድላቸው ድረስ ቁራኛ ናቸው፤ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ወሬው እዚህ ላይ ሲደርስ ምንይችል አንዱ ሽንቱ ቢመጣስ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን እያወቀ በየማታው ይጠይቃል። አባባም በየማታው፣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይጠብቀዋላ፣ ምን ያደርጋል፣ ይሉታል።

እሳቸው ራሳቸው ተቋጥረው ያውቃሉ። የጌታቸው የበቅሎ ኮርቻ ጠፍቶ አንድ የእንጦጦ እንጨት ሻጭ ጠረጠሩ፤ ክርክሩ መንገድ ላይ አልቆረጥ ቢል ከሰውየው ጋር ቋጠሯቸው። የችሎቱ በር በባለጉዳይ ተጨናንቆ ተራቸው አልደርስ አለ። ቆሎ ተካፈሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ሁለቱን ሸማ ደርበው ለበሱት፣ ወንዝ ሲሻገሩ አንዱ ሲንሸራተት ሌላው ጎትቶ አወጣው። ዳኛው ሲጠራቸው ሁለቱም ክስ የለንም ብለው ቋጠሯቸውን አስፈትተው ወጡ፤ አባባም ኋላ የእንጨት ሻጩን ልጅ ክርስትና አነሡ። ኮርቻው እስከ ዛሬ አልተገኘም ብለው ሲስቁ ድንቹ በስሎ ይገኛል። ከሰው ጋር በአንድ ጨርቅ ከተኙ ወዲያ መጥላት አይቻልም ብለው በእውነት ያምኑ ነበር፤ ደርሶባቸው ያዩት ነውና ማን ይከራከራቸዋል።

በዚያው ዘመን በአባቴና በአጎቴ መካከል ጠብ ገባ። አያቴ መሬታቸውን በሕይወት እያሉ ለሁለቱ ሲያካፍሉ ወንዙ ዳር ያለውን ሜዳ የጋራ ይሁን ብለው ትተውት ነበር። አጎቴ ባለ ጋሪ ነው፤ የዳንግላን ሰውና እህል በሁለት ፈረሶች እያመላለሰ ያድራል፣ ፈረሶቹም የሚግጡት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። አባቴ ገበሬ ነው፤ አንድ ዓመት ሜዳውን አርሶ ገብስ ዘራበት፣ ፈረሶቹ እንዳይገቡም ዙሪያውን ጥልቅ ጉድባ ቆፈረ። ክስ ሆነ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሳይሆንለት ተነሣ። እናቴና የአጎቴ ሚስት እሳት መጫጫራቸውን ተዉ። ግቢውን እንደ ድሮው የምናቋርጠው እኔና ምንይችል ብቻ ቀረን፤ እኛንም ነገ ይከለክሉናል እያልን በየማታው እንፈራ ነበር።

አባባ እንየው የእንጨት ሻጩን ታሪክ ደጋግመው የሚያወሩት ያኔ ነው። በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል፤ ብርዱ እየገባ ብንንቀጠቀጥም አይዘጉትም፣ ኩራዙ በነፋሱ ሊጠፋ ይወራጫል፣ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀጥላሉ። ጆሯቸው እየደከመ መስሎን ነበር። ለካ በግራና በቀኝ ያሉት ቤቶች እንዲሰሟቸው ኖሯል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱን ልጆቻቸውን ጠርተው መደብ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ከዚያም የአባቴን ጋቢ ጫፍ ከአጎቴ ጋቢ ጫፍ ጋር ይቋጥሩት ጀመር። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

«እኔ ዳኛ አይደለሁም» አሉ ሲጨርሱ። «መንገደኛ ነኝ። በሁለታችሁ መካከል መፍረድ አቃተኝ። እኔ ሳልፈታችሁ አትለያዩም።»

እኔና ምንይችል በግድግዳው ስንጥቅ እናያለን። ማን ቀድሞ ይናገራል ብለን ተወራረድን፤ እሱ ለአባቴ ቆመ፣ እኔ ለአባቱ። እስከ ቀትር ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ተቀመጡ። ምሳ በአንድ ትሪ ገባላቸው፤ ጥቂት አንገራገሩና ከሁለት ወገን መጉረስ ጀመሩ። ምንይችል ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ። ኋላ አጎቴ ስለ ሟች እናታቸው አንድ ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ አልተሰማኝም፤ አባቴ ግን ሳቀ። ውርርዱን ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። አባባ እንየው ሳቁን ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ፣ ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉ፣ ይቅር ሲባባሉ ይባርካቸው ዘንድ የንስሐ አባታችንን ላምጣ ብለው ዱላቸውን አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ተስፋ ያደረግሁበት ሰዓት የለም።

እሳቸው ከሄዱ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጣና ከአጥሩ ውጭ ተጣራ። ቀዩ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ወደ ገብሱ ሲሻገር ጉድባው ውስጥ ወድቋል፣ አንገቱ ታጥፎ እየታፈነ ነው፣ ቶሎ ካልተነሣ ይሞታል አለ። አጎቴ ብድግ ሲል ጋቢው ያዘው።

«ታደለ፣ ተነሥ። ፈረሴ ወድቋል።»

አባቴ አልተነሣም። መሬት መሬቱን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ «አባታችን ሳይፈቱን አልነሣም» አለ።

አጎቴ ለመነው። እባክህ አብረን እንሂድ፣ ተቋጥረን እንሂድ አለው። አባቴ ያንኑ መለሰ። የአባቱን ቃል ስለፈራ ይሁን ፈረሱ እንዲሞት ስለፈለገ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሲሞትም አልጠየቅሁትም። አጎቴ ግድግዳው ላይ የተሰካውን ማጭድ ነቅሎ የራሱን ጋቢ ከቋጠሮው በላይ ቀደደውና እየሮጠ ወጣ። ምንይችልም ክንዴን ለቅቆ አባቱን ተከተለው።

ፈረሱ ሞቶ ነበር የደረሱበት። አባባ እንየው ከቄሱ ጋር ሲመለሱ አባቴ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ አገኙት፤ ከጋቢው ጫፍ ያ ቋጠሮ ከነቅዳጁ ተንጠልጥሏል። «እኔ አልቆረጥኩም» አላቸው። እውነቱን ነበር፤ ከዚያ የከፋ እውነት ግን ሰምቼ አላውቅም። አያቴ በአገውኛ በቃ አሉ፣ ቄሱን ስላደከሟቸው ይቅርታ ጠይቀው ሸኟቸው፣ ከዚያም ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

አሁን ሳስበው አያቴ የተሳሳቱት ቋጠሮው ላይ ነው። የዚያችን ከተማ ሰዎች አብሮ ያኖራቸው ጨርቅ መስሏቸዋል። ያ ሸማ ግን በመንገዱ ሁሉ ዓይን ነበረበት፤ ቢቀደድ ያየው ሁሉ ይጮኻል፣ ያየው ሁሉ ይይዛል። እኛ ግቢ ውስጥ ማን ነበር? በስንጥቅ የምናይ ሁለት ልጆች ብቻ ነበርን፣ እኛም አልጮህንም። ደግሞም እሳቸውና እንጨት ሻጩ ባዕዳን ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ደካማ ጎን አያውቅም። አባቴና አጎቴ ግን አብረው አድገዋል፤ የት ቢወጉ እንደሚያም ጠንቅቀው ያውቁታል።

አጎቴ ወር ሳይሞላው ቤቱን ነቅሎ ወደ እንጅባራ ሄደ። ምንይችል በቀረው ፈረስ ጋሪ ላይ፣ በድስትና በቁርበት መካከል ተቀምጦ ሲወጣ እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር፤ እጄን ሳላወዛውዝለት ሄደ። ማታ ብቻዬን መካከለኛው ቤት ገብቼ አባባን ስለ ከተማው ይንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ድንቹን ቀብረው ነበር።

«ያ ከተማ የለም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ብሉና ተኙ።»

አንድ ብሆንም እንደ ልማዳቸው ለሁለት ሰው ነው የተናገሩት። ሌላ ተረት ከአፋቸው አልሰማሁም። በሚቀጥለው ክረምት ሲሞቱ ሁለቱ ልጆቻቸው ለአንድ አባት ሁለት ድንኳን ተከሉ፤ ለቀስተኛው የትኛው እንደሚገባ ግራ ገብቶት ዝናብ ላይ ቆሞ አየሁት። ሜዳውም ብዙ አልቆየላቸውም፤ የመሬት አዋጁ መጣና ለሌላ ሰው ተመደበ።

ከዳንግላ እንጅባራ በሚኒባስ ቅርብ ነው። በዚያ መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ተመላልሻለሁ፤ ምንይችል እዚያ እንደሚኖር፣ ልጆች እንደወለደ እሰማለሁ። አባቴ በሕይወት ሳለ መሄዱ እሱን መክዳት መሰለኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ እስከ አሁን የት ነበርሽ መባልን ፈራሁ። ዘንድሮ፣ ፀጉሬ ነጭ ከሆነ በኋላ፣ ቆረጥኩና ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ የባጃጁን ልጅ ስሙን ብነግረው ቤቱን ያውቀዋል፤ በሩ ድረስ አደረሰኝ።

ጥቁር የለበሰች ወጣት ከፈተችልኝ። ምንይችልን ፈልጌ ነበር ስላት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አባቷ ማረፉን፣ አርባውም ማለፉን ነገረችኝ። እጄን ይዛ አስገባችኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ። ስለ ቀብሩ ስታወራ ሰው ብዙ ነበር አለች፤ የሰፈሩ፣ የዕድሩ፣ የሥራ ባልደረቦቹ። በአባቷ ወገን ግን የሚቆም አንድም ዘመድ ባለመኖሩ ሰው ሁሉ እንዳዘነላቸው ነገረችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ምኑ ነዎት?»

የአጎቱ ልጅ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። በሚኒባስ ቅርብ የሆነች፣ ያልቀበረች፣ ሲታመም ያልጠየቀች የአጎት ልጅ። ይህን ካልኳት ቀጥላ የምትጠይቀኝን አውቃለሁ።

«የልጅነት ጓደኛው ነኝ» አልኳት።

ፊቷ በራ። ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኳት።

«እግዜር ይስጥልን» አለችኝ። «ዘመድ እንኳ ሳይመጣ፣ ባዕድ ሆነው ሳሉ መጡልን።»

ውሃውን ጠጥቼ ጨረስኩና ሚኒባሱ ሳያመልጠኝ ልሂድ አልኳት።